ልጁ ይሮጣል፣ ቀሪው የእኛ ነው፦ የትምህርት ቤት አትሌቲክስ ዝርዝር መመሪያ ለጎጃም ተማሪዎች፣ ወላጆችና ደጋፊዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ አባት ዱላቸውን በትከሻቸው እንዳጋደሙ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «መምህር፣ ይችን ልጅ ትሮጣለች ይሉኛል። እና ምን ላድርጋት?» አሉኝ። «ምን ላድርጋት» ነው ያሉት፣ «ምን ላድርግላት» አላሉም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ካወራን በኋላ ግን ሁለተኛውን ጠየቁኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ሳልነግራቸው የቀረሁት ብዙ ነው። ይህን የጻፍኩት ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የስፖርት መምህር ነኝ። የእኛ ልጆች መሮጥ አያንሳቸውም። ትምህርት ቤት የሚደርሱት በእግር ነው፣ ሲመለሱ ውኃ ይቀዳሉ፣ ከብት ያስገባሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በጮቄ ሥር ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። አየሩ ራሱ ሳንባቸውን ያሠለጥነዋል። ጎበዝ ልጅ መንገድ ላይ ሲቀር ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በሩጫ ተሸንፎ አይደለም። ያስቀረው ወረቀት፣ ምግብ፣ እረፍት ማጣት ወይም የእኛ የትልልቆቹ ችኮላ ነው።

1. መሰላሉን ዕወቁ

ውድድሩ ከክፍል ለክፍል ይጀምርና ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ)፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ ሀገር አቀፍ የተማሪዎች ውድድር ይወጣል። በየደረጃው የትምህርትና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች አብረው ያዘጋጁታል። በእነዚህ ዓመታት በክልላችን ትምህርት በብዙ ቦታ ስለተቋረጠ ከመሰላሉ አንድ ሁለት እርከን ሊጎድል ይችላል። «አምና እንዲህ ነበር» ብላችሁ አትቀመጡ።

ልጃችሁ እንደተመረጠ መምህሩን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ ተማሪ በስንት ውድድር መግባት ይችላል? ዕድሜ የሚቆጠረው በየትኛው ቀን ነው? የትራንስፖርቱንና የምግቡን ወጪ የሚችለው ማን ነው፣ ልጆቹስ የሚያድሩት የት ነው? ለሴት ልጅ ደግሞ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ አብራት የምትሄድ ሴት መምህርት አለች ወይ? ይህን መጠየቅ መምህሩን መጠርጠር አይደለም። እኔ ካልተጠየቅሁ ነው የምደነግጠው።

ትምህርት ቤት የት ሊያደርስ እንደሚችል ለሚጠራጠር፣ አርሲ በቆጂን ያስብ። እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር።

2. ወረቀቱን ከሩጫው አስቀድሙ

የሚያስፈልገው የልደት ምስክር ወረቀት (ቀበሌ ወሳኝ ኩነት የሚሰጠው)፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የወላጅ ፈቃድ ነው። የፋይዳ ቁጥር ያለው ልጅ ይዞ ይምጣ። ስሙ በሁሉም ላይ በአንድ ፊደል ይጻፍ፤ አንዱ ላይ «ኃይለ ማርያም»፣ ሌላው ላይ «ሀይለማሪያም» ከሆነ የሚያጣራ ሰው ፊት ራስ ምታት ነው።

ትልቁ ወጥመድ የዘመን ልዩነት ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ የዕድሜ ክልል የሚለካው ውድድሩ በሚደረግበት የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31 ቀን ነው። ከ18 ዓመት በታች የሚባለው በዚያ ቀን 16 ወይም 17 የሆነው ነው። ዲሴምበር 31 በእኛ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል፣ አንዳንድ ዓመት 21 ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ልጆች እንውሰድ፤ ሁለቱም የ2001 ዓ.ም. ልጆች ናቸው። አንዷ ታኅሣሥ 15 ተወለደች፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 24 ቀን 2008 ማለት ነው። ሌላዋ ጥር 15፣ ማለትም ጃንዋሪ 23 ቀን 2009። በመካከላቸው አንድ ወር ነው ያለው። በፈረንጅ 2026 በሚደረግ ውድድር ግን የመጀመሪያዋ 18 ስለሚሞላት ወደ 20 ዓመት በታች ታልፋለች፣ ሁለተኛዋ በ18 ዓመት በታች ትቀራለች። የእኛ የተማሪዎች ውድድር የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል ቀኑን ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው።

አቆጣጠሩም እንዲህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ደምሩ። ይህን በደንብ የማውቀው ስለተቀጣሁበት ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲትን ተማሪ የኅዳር ልደት በደፈናው 8 ደምሬ ዝርዝሩ ላይ ሞላሁት። ለዞን ውድድር ስንሄድ ወረቀቷ ላይ ያለው ዓመት ከእኔ ዝርዝር ጋር አልገጠመም፣ «ዕድሜ ቀንሳችኋል» ተባልን። ልጅቷ 800 ሜትሩን አጥር ተደግፋ አየችው። ያሸነፈችውን ልጅ በወረዳ ቀድማት ነበር።

ሆን ብሎ ዕድሜ መቀነስን በተመለከተ ረጅም ነገር አልናገርም። የቀነሰ ልጅ ዘንድሮ ያሸንፋል፣ ነገ ፓስፖርት ሲያወጣ ግን የተጻፈው ሁሉ ይከተለዋል።

3. ጤና ጣቢያ ውሰዱት

ማንም ሳያመው ጤና ጣቢያ አይሄድም፣ አውቃለሁ። ግን በዓመት አንዴ ሂዱና እነዚህን ንገሩ፦ ልጁ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? ከዘመድ መካከል በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ልቡ በሐኪም ሳይታይ አይሩጥ። ለሴቶች ልጆች የደም ማነስ ምርመራ ጠይቁ። «ሰነፈች» የተባለች ልጅ ደም አንሷት የተገኘችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የወር አበባዋ ወራት ከቆመባት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት አንሶ ነውና ዝም አይባልም።

ከቆላ የመጣ ወይም ወባ ባለበት አካባቢ የሰነበተ ልጅ ትኩሳት ከያዘው ልምምድ የለም፤ ደሙ ይታይ። «በላብ ይወጣል» የሚባል ወባ የለም።

4. ውድድር ስትመርጡ ዙሪያችሁን እዩ

በእኛ አገር አትሌቲክስ ሲባል ሁሉም 5,000 ሜትር ይታየዋል። ምዝገባ በከፈትሁ ቁጥር 3,000 ሜትር ላይ ወረፋ ይሆናል፣ አሎሎና ጦር ውርወራ ላይ ሁለት ስም አገኛለሁ፣ አንዱም «ጓደኛዬ አስገድዶኝ ነው» ይላል። ለትምህርት ቤቱ የሚያስገኘው ነጥብ ግን እኩል ነው! ወፍራም ትከሻ ያለው፣ ድንጋይ ሲወረውር ከሁሉ የሚያርቅ ልጅ ካላችሁ ወደዚያ ምሩት። ፈጣን ግን ቶሎ የሚደክም ልጅ ርዝመት ዝላይ ይሞክር።

የመሣሪያው ክብደት በዕድሜ ይለያያል። አሎሎ ከ18 ዓመት በታች ለወንዶች 5 ኪሎ፣ ለሴቶች 3 ኪሎ ነው፤ ከ20 በታች ለወንዶች 6፣ ለሴቶች 4። የአዋቂ ወንዶቹ 7.26 ኪሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ አሎሎ ብቻ ከሆነና እሱም የአዋቂ ከሆነ፣ ለ14 ዓመት ልጅ አትስጡ። ሚዛን ያለው ባለሱቅ ፈልጋችሁ 3 ኪሎ የሚመዝን ክብ ድንጋይ ምረጡ፤ ለልምምድ ይበቃል።

5. ሜዳውን በገመድና በኖራ ሥሩ

ይህን ክፍል ወላጆች መዝለል ትችላላችሁ፤ ለመምህራንና በእሑድ ከሰዓት ሥራ ለሚያምራቸው ጎረምሶች ነው።

400 ሜትር መም (የመሮጫ ዙር) የለንም፣ የኳስ ሜዳ ግን አለን። 200 ሜትር ይወጣዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ቀጥታ እያንዳንዱ 50 ሜትር፣ ሁለት ግማሽ ክብ እያንዳንዱ 50 ሜትር። 50 ሜትር ግማሽ ክብ የሚሰጠው ከመሐል እስከ ሯጩ እግር 15 ሜትር ከ92 ሳንቲም ነው። ሯጭ ደግሞ በኖራው መስመር ላይ ሳይሆን ከመስመሩ 20 ሳንቲም ወጣ ብሎ ይሮጣል ተብሎ ስለሚለካ፣ የውስጡ መስመር የሚሠመረው በ15 ሜትር ከ72 ነው።

መጀመሪያ የሜዳውን መሐል በርዝመቱ በሲባጎ ሠንጥቁት። በሲባጎው ላይ 50 ሜትር ተራርቀው ሁለት ካስማ ትከሉ። የ15.72 ሜትር ገመድ አንዱን ጫፍ ካስማው ላይ በላላ ቀለበት እሰሩ (አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ሲዞር ይጠቀለልና ያጥራል፤ የመጀመሪያው መማችን እንቁላል የመሰለው በዚህ ነው)። ሌላውን ጫፍ አንድ ሰው ወጥሮ ይዞር፣ ሁለተኛው ከኋላው ኖራ ወይም አመድ ይበትን። ግማሽ ክቦቹን በቀጥታ መስመር አገናኙ። አራት መስመር፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ22 ስፋት ካደረጋችሁ፣ ሁሉም 91 በ41 ሜትር ገደማ ቦታ ይወስዳል። አንድ ሙሉ ዙር በየመስመሩ የሚሮጥ ከሆነ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው 7 ሜትር ከ67፣ ሦስተኛው 15 ሜትር ከ33፣ አራተኛው 23 ሜትር ቀድሞ ይቆማል። ተመልካች «አድልዎ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ጊዜ ካላችሁ አስረዱ።

የዱላ ቅብብል ዱላ ከውኃ ቧንቧ ቁራጭ ይሠራል፦ 30 ሳንቲም ርዝመት፣ 4 ሳንቲም ውፍረት፣ ጫፎቹ በአሸዋ ወረቀት የተላጉ። ሲቀባበሉ አንዱ «እንካ!»፣ ሌላው «ያዝ!» ካለ መዘበራረቅ ነው። «እጅ!» በሚል አንድ ቃል ተስማሙ፣ ለወንድም ለሴትም ይሆናል።

ሰዓት ስትይዙ ድምፅ ሰምታችሁ አትጫኑ። ድምፅ 100 ሜትር ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ይህም ልጁን ያለአግባብ ፈጣን ያደርገዋል። አስነሺው ሁለት ሳንቃ ከፍ አድርጎ ያጋጭ፣ እናንተ ሳንቃዎቹ ሲገናኙ ዓይታችሁ ተጫኑ።

6. የሳምንቱ ልምምድ

ልጁ ቤት የሚሠራውን ሥራ ቁጠሩት። በቀን ሁለት ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት ተጉዞ የሚመለስ፣ ጀሪካን የሚሸከም ልጅ ላይ በየቀኑ ሩጫ ስትጨምሩበት ጉልበቱ ይሰበራል እንጂ አይጨምርም። ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው እላለሁ፣ አራተኛው ከመጣ ቀላል ይሁን።

ለ1,500 ሜትር ሯጭ ማክሰኞ 30 ደቂቃ እያወራ መሮጥ የሚችልበት ፍጥነት። ማውራት ካቃተው ፈጥኗል። ሐሙስ ማሟሟቂያ ካደረገ በኋላ 200 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በየመሐሉ 200 ሜትር በእግር። ቅዳሜ ዳገት፦ 60 ሜትር ያህል ስምንት ጊዜ ወጥቶ በእርጋታ መውረድ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ሶምሶማ። በቃ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዕረፍት ነው።

ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት አብጦ ሲነካ የሚያመው ልጅ ብዙ ጊዜ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ነው። ዝላይና ዳገት አቁሙለት፣ ካልተሻለው ያሳዩት። በጠርሙስ ማሸት ምንም አይረዳም፣ አያቴ ግን በዚህ አትስማማም።

ለብቻ በጨለማ አይሮጥ፤ ሦስት አራት ሆነው ይሂዱ፣ የሄዱበትንም መንገድ ቤት ያለ ሰው ይወቅ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሜዳና ከዛፍ ሥር ወጥቶ ቤት መግባት ነው።

7. ምግብ፣ ጾም፣ ጫማ

የጎጃም ጎተራ ለሯጭ አያንስም። የጤፍና የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቆሎ። ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቁበት፣ ብረቱ ሰውነት ውስጥ እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚከለክሉት ከምግቡ ጋር አትስጡት፣ አንድ ሰዓት ይቆይ። ልምምድ ጨርሶ ቤት ሲደርስ እራት እስኪደርስ አይጠብቅ፣ በሶ ጨብጣችሁ ስጡት።

ጾም ትልቁ ጥያቄ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜም ከውድድር ወቅት ጋር ይገጥማል። የምግቡ ዓይነት አያስጨንቀኝም፤ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ተልባ ገንቢ ናቸው። የሚያስጨንቀኝ ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚውል ልጅ ጠዋት ከባድ ልምምድ ከሠራ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን ሳይመልስ ይውላል። ስለዚህ ልምምዱን ወደ 8 ሰዓት ገደማ አድርጉት፣ ጨርሶ በቀጥታ ወደ ማዕድ ይሂድ፤ ከባዱን ደግሞ ቀንሱለት። በውድድር ሳምንት ምን ይሁን የሚለውን ወላጅም መምህርም አይወስንም፣ የንስሐ አባቱን ጠይቁ። እኔ እስካሁን የጠየቅኋቸው ካህናት ከአሠልጣኝ ይልቅ ለልጁ ያዝናሉ።

ጫማ ላይ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፏል» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ በሮም በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በቶኪዮ በ1964 ደግሞ ጫማ አድርጎ ከሮሙ ፈጥኖ አሸነፈ፤ ይህን የሚጨምር ግን የለም። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ለዓመታት በባዶ እግር በሚረገጥበት ጊዜ እግር የሚያሳብጠው በሽታ፣ ዝሆኔ የምንለው፣ በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች በብዛት የሚታይ ነው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግር በሳሙና መታጠብ ነው። ስፓይክ (ከሥሩ ሹል ያለው የሩጫ ጫማ) መግዛት ግዴታ አይደለም። እግሩን የማይጨብጥ፣ ሶሉ ያላለቀ ሸራ ለወረዳ ውድድር ይበቃል። በአዲስ ጫማ ግን አይወዳደር፣ ሁለት ሳምንት ያሟሸው።

8. የውድድሩ ቀን

ከዋዜማው ቦርሳው ይዘጋጅ፦ የወረቀቶቹ ኮፒ፣ ቁምጣና ካናቴራ፣ የሚለበስ ሙቅ ልብስ፣ ውኃ፣ በሶ፣ አራት መርፌ ቁልፍ ለደረት ቁጥሩ፣ ለሴቶች ሞዴስ። ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ልጅ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚሮጥ ትንፋሹ ይቀልለዋል፣ ሙቀቱ ግን ያስቸግረዋል፤ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ያብዛ፣ ጥላ ውስጥ ይቆይ። ከቆላ ወደ ማርቆስ የሚወጣው በተቃራኒው ረጅም ሩጫ ላይ በመጀመሪያው ዙር ራሱን ይግታ።

ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይብላ፣ የለመደውን ብቻ። 40 ደቂቃ ሲቀረው ያሟሙቅ። ስሙ ሲጠራ ያልቀረበ ይሰረዛል፣ «ሽንት ቤት ነበርኩ» አይሠራም። በአጭር ርቀት ከተኩሱ በፊት የተነሣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ዓለም አቀፍ ደንብ በመጀመሪያው ይወጣል። የወረዳ ዳኛ ሊያስጠነቅቅ ይችላል፣ ግን አትመኑበት። በ800 ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው መታጠፊያ ካለቀ በኋላ ነው።

9. ደጋፊዎች ሆይ

ጎጃሜ ዝም ብሎ አያይም። ፉከራውም ሽለላውም ይምጣ፣ ልጆቹን ያበረታል። ነገር ግን አስነሺው «ተዘጋጁ» ሲል ጸጥ በሉ። ያን ጊዜ አንድ «አይዞህ!» የሚል ድምፅ ስምንት ልጅ ያስነሣል። አብራችሁ በመሙ ዳር አትሩጡ፣ ውኃ አታቀብሉ፤ ይህ እርዳታ ተብሎ የሚሰረዘው ልጁ ነው። ቅሬታ ካለ የሚያቀርበው የቡድን መሪው ነው። ዱላ ይዞ ወደ ዳኛ የሚሄድ አባት አይቼ አውቃለሁ፣ ቀጥሎ የነበሩት ሁለት ውድድሮች ተሰረዙ።

የተሸነፈውን ልጅ በመኪና ስትመልሱት ስለ ሩጫው አትጠይቁት። ካወራ ስሙት።

10. ካሸነፈ በኋላ

በዞንና በክልል ውድድር የክለብና የማሠልጠኛ ሰዎች ይመጣሉ። በክልላችን ደብረ ብርሃን የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ አሰላ ላይ የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ፣ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አሉ። የምልመላ ማስታወቂያቸውን በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ተከታተሉ። ስትጠየቁ እናንተም ጠይቁ፦ ልጁ ትምህርቱን የት ይቀጥላል? ሲታመም ማን ያሳክመዋል? የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ፈተናው ከውድድር ጋር ቢጋጭ ማን ይወስናል? ለመጨረሻው «እናየዋለን» ካሉ እናንተም እናየዋለን በሏቸው።

ኦፊስ የሌለው፣ በስልክ ብቻ የሚገኝ፣ «ውጭ እልከዋለሁ፣ ለሂደት ብር ያዙ» የሚል ሰው ደላላ ነው። ክለብ ለሯጭ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

ሌላው መርፌ ነው። «ጉልበት ይሰጣል» ተብሎ ማንም የሚሰጠውን መርፌ፣ ኪኒን ወይም ዱቄት ልጁ አይውሰድ። የሰጠው ሰው ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ውስጥ የተገኘበት አትሌትም ይጠየቃል። መድኃኒት ቤት ያለ ነገርም ያጠምዳል፦ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት፣ እነ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ሲታመም ይታከም፣ ግን ለሐኪሙ «አትሌት ነኝ» ይበል፣ የተጻፈለትንም ወረቀት ያስቀምጥ። የተከለከሉት ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚታደስ አጠራጣሪውን የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል።

ውል ከመጣ እዚያው ሜዳ ላይ አትፈርሙ፣ የልጁም ጣት ቀለም አይንካ። ቤት ወስዳችሁ ለሚያነብ ዘመድ አስነብቡ፤ ስንት ዓመት እንደሚያስር፣ ከሽልማቱ ስንት በመቶ እንደሚቆረጥ፣ ልጁ ቢጎዳ ምን እንደሚሆን ፈልጉበት። የቅዳሜው አባት ይህን ስነግራቸው «ለመሬት ኪራይ እንኳ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጬ ነው የምፈርመው» አሉኝ። እንዲያ ከሆነ ለልጅቷም እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀምጡ።